የልጋጉ መንገድ

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት በሉኝ፤ የዛሬው ግን ላምም በረትም የለበትም፣ ባሕር ውስጥ ነው።

በባሕር ወለል ላይ ዛጎል የሌላት አንዲት ትልቅ ቀንድ አውጣ ነበረች። ዓይኗ ለስሙ ነው እንጂ አታይበትም። ምግቧ የገዛ ዘመዶቿ፣ ትናንሾቹ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። እነሱ ሲሄዱ አሸዋው ላይ ልጋግ ይጥላሉ፤ እሷም ልጋጉን በአፏ እየዳሰሰች ትከተልና ስትደርስባቸው እንዳሉ ትውጣቸዋለች።

አንድ ቀን የአንዲት ትንሽ ቀንድ አውጣ ልጋግ አገኘችና ተከተለች። ትንሿም ትልቋ እየተከተለቻት መሆኑን ስታውቅ ሸሸች። አንድ ድንጋይ ዞራ የባሕር ሣር ውስጥ ስትገባ ሸርጣን አገኛት።

«እኅቴ፣ በሸሸሽ ቁጥር መንገድ እያነጠፍሽላት እኮ ነው» አላት።

«ቆሜ ከምዋጥ እየሄድኩ ልዋጥ» ብላው አለፈች።

ወዲያው ትልቋ ደረሰች። ሸርጣኑ ከእሷ ኋላ አሸዋው ላይ የሚመጣውን አየና ደነገጠ።

«እሜቴ፣ እባክዎ አንዴ ወደ ኋላዎ ይዳስሱ።»

«የጀመርኩትን ልጋግ ሳልጨርስ አልዞርም» አለችው፣ አፏን ከአሸዋው ሳታነሳ።

ከሣሩ ማዶ ትንሿ ላይ ደረሰችባት። አፏን ከፈተች። ትንሿ ጥቂት ጠበቀች፤ የነካት ግን የለም። መለስ ብላ ስታይ ትልቋ በቦታዋ የለችም። በእሷ ፈንታ፣ የእሷን ልጋግ ተከትላ የመጣች፣ እሷን ሁለት የምታህል ሌላ የገዛ ዘሯ፣ ሆዷ ተነፍቶ፣ አሸዋውን በአፏ ትዳስሳለች።

ትንሿ መንገዷን ቀጠለች።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦውን ከመስጠታችሁ በፊት ግን ከኋላዬ ማን እንዳለ እዩልኝ።