የትርሲት አርባ ሦስት ቀን

በአንድ ወቅት፣ ያውም ሩቅ በማይባል ወቅት፣ ሐይቅ ከተማ ውስጥ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ የምትወዳቸው ሦስት ሰዎች ከዷት። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባል የለ? ከጠላት ቢመጣ ምን ነበረበት! ጠላትማ ሥራው ነው። እነዚህ ግን አንዷ ጸጉሯን የምትሠራላት፣ አንዱ መስቀል የሚያሳልሟት፣ አንዷ ከአንድ ብርድ ልብስ ሥር አብራት የምትተኛ ናቸው። እኔ ነገሩን እንደሆነው እነግራችኋለሁ፣ ለማንም አላደላም፤ ፍርዱ የእናንተ ነው። እኔማ በዚሁ ነገር ከባለቤቴ ጋር ተከራክሬ ሁለት ቀን ተኳርፈናል፤ ይበቃኛል።

ልጅቷ ትርሲት ትባላለች። አባቷ ደምሴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ጥቅምት ላይ መኪናው ተገልብጦበት ክፉኛ ተጎዳና አዲስ አበባ ሆስፒታል ገባ። እናቷ አስካለም ልታስታምመው ሄደች። ሦስቱ ልጆች፣ የአሥራ አራት ዓመቷ ዮዲት፣ ትርሲትና የአራት ዓመቱ ባሮክ፣ በአባታቸው እህት በእትዬ ተዋበች እጅ ቀሩ። እትዬ ተዋበች የራሷ ልጅ የላትም። ምላሷ ሹል ነው፤ ስትቆጣ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። ሆዷ ግን ቡቡ ነው፤ እነዚያን ልጆች እንደ ዓይኗ ብሌን ነበር የምታያቸው።

በዚያ ዓመት ትርሲት ሰባት ሞላት። ሰባት የሞላው ልጅ መጾም ይጀምራል፤ ቢሆንም ልጅ ልጅ ነውና ረቡዕና ዓርብን ይሞክራል፣ ሲደክመው ይበላል፣ ማንም አይቆጣውም። ትርሲት ግን የነቢያት ጾም ሊገባ ሲል የቤቱን የንስሐ አባት፣ መምሬ ጥበቡን፣ በር ላይ ጠብቃ ያዘቻቸው።

«አባ፣ ይቺን ጾም አንድ ቀን ሳላፈርስ እስከ ገና ብጾም አባዬ ድኖ ይመጣል?»

«እግዚአብሔር ያውቃል፣ ልጄ።»

«ተስያለሁ። እርስዎ ምስክሬ ይሁኑ።»

መምሬ ሳቁና «እሺ፣ ምስክርሽ ነኝ» ብለው መስቀላቸውን አሳለሟት። እሳቸው የልጅ ጨዋታ መስሏቸው ነበር።

ጨዋታ አልነበረም። ከኅዳር አሥራ አምስት ጀምሮ ትርሲት ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የሚባል ነገር እርም አለች። ጧት ሳትቀምስ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ ስትመለስ ሽሮዋን በልታ ዝም ነው። ባሮክ እንኳ በቅቤ የራሰ ቂጣውን አፍንጫዋ ሥር እያመጣ ሲያሾፍባት ፊቷን ታዞራለች እንጂ አትቆጣም። ቤቱ ለበዓሉ ሽር ጉድ ይላል፤ ዮዲት የጽድ ቅርንጫፍ አምጥታ ጥጥ ታለብሳለች፣ ባሮክ የገና ዱላውን ይዞ ያገኘውን ሁሉ ይመታል፣ አንድ ቀን የእትዬን የቡና ሲኒ እንክትክት አደረገው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» ብሎ ሮጠ። ትርሲት ብቻ አትጫወትም። እሷ አባቷን እያመጣች ነው።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደጃፍ ላይ ወደቀች። ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ነርሷ የዓይኗን ውስጥ ገልጣ አየችና፣ «ይቺ ልጅ ደም አንሷታል። ወተት፣ እንቁላል ስጧት። እንዲህ ከቀጠለች ለኔም ታስቸግራለች» አለች።

ቤት ሲገቡ እትዬ ተዋበች ወተት በብርጭቆ አቀረበች። «ጠጪ!»

«አልጠጣም።»

«ጠጪ ብያለሁ፣ አንቺ ልጅ!»

«እትዬ፣ አባዬ እንዲሞት ነው የምትፈልጊው?»

እትዬ ተዋበች ብርጭቆውን አስቀምጣ ጓዳ ገባችና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ወጣችና ያደረገችውን አደረገች። ሱፍ ተወቅጦ፣ በውሃ ታሽቶ ሲጠለል እንደ ወተት ነጭ እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ የጾም አጥሚት በሱ ይሠራል። እሷም የሱፍ አጥሚት ሠራችና ግማሹን የላም ወተት አደረገችው፤ ጣዕሙ እንዳይታወቅ ዝንጅብል አበዛችበት። ትርሲት ኩባያውን ይዛ አሸተተች።

«ምንድን ነው?»

«የሱፍ አጥሚት ነዋ።»

«ማርያምን በይ።»

እትዬ ተዋበች በሕይወቷ በማርያም ስም ዋሽታ አታውቅም። «ማርያምን» አለች። ትርሲት ጠጣች። ባሮክ ጣቱን ኩባያው ውስጥ ነክሮ ላሰና «ይሄ የኔ ወተት ነው!» ብሎ ሲጮህ፣ እትዬ «ዝም በል፣ አንተ ቀላዋጭ!» ብላ አባረረችው። ትርሲት ወንድሟን አላመነችም፣ አክስቷን አመነች። እንዲህ በየቀኑ ሆነ፤ በሁለተኛው ሳምንት የልጅቷ ጉንጭ መለስ አለ።

አሁን ወደ መምሬ ጥበቡ። እትዬ ተዋበች በዚያው ሳምንት ሄዳ እግራቸው ሥር ወደቀች። «አባቴ፣ የሕፃን ስለት አፈረስኩ፤ በእመቤቴም ስም ዋሸሁ።» መምሬም፣ «የታመመ አይጾምም፣ ያውም ሕፃን። ስጫት። ለውሸትሽ ስገጂ፤ የጾሙ ነገር በኔ ይሁን» አሉ። እስከዚህ ማን ይቀየማቸዋል? የንስሐን ምስጢር ማውጣት እንደማይችሉም እናውቃለን። ግን እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ትርሲት ካባቸውን ያዘች።

«አባ፣ ምስክሬ አይደሉ? ጾሜ እየተቆጠረልኝ ነው?»

«እንዴታ፣ ልጄ! አንድም አልጎደለ።»

ዝም ማለት ይችሉ ነበር እኮ! «እግዚአብሔር ያውቃል» ማለት ይችሉ ነበር፤ ያችን ቃል መጀመሪያም ብለዋታል። እሳቸው ግን «አንድም አልጎደለ» አሉ። ይባስ ብለው በየሄዱበት «እናንተ ትልልቆቹ አታፍሩም? የሰባት ዓመት ልጅ ያደረገችውን እዩ!» እያሉ በእሷ ሰው ይገሥጹ ጀመር። ልጅቷ ይህን ስትሰማ ደረቷን ነፋ አድርጋ ትሄዳለች።

ሦስተኛዋ ዮዲት ናት። ወተቱን የምታመጣው ዮዲት ራሷ ናት፤ ባሮክ ምን ያህል እንደሚጠጣም ታውቃለች። አንድ ቀን ጓዳ ስትገባ እትዬ ወተቱን አጥሚት ላይ ስትገለብጥ ደረሰችባት። «ማርያምን አልናገርም በይ» አለቻት እትዬ። ዮዲትም ማለች። ደግሞ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ዮዲት ራሷ ያንን ጾም አንድ ቀን ሳታጓድል፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ እየቆየች ጾማለች። ውሃ እየቀዳች፣ ልብስ እያጠበች፣ ባሮክን አዝላ እያባበለች። ለአባቷ። ማንም «አይዞሽ» አላላትም፤ ትልቅ ልጅ ናታ፣ ከትልቅ ልጅ ይጠበቃል።

ታኅሣሥ ሃያ ስምንት ቀን ከቀትር በኋላ ደምሴ በክራንች እየተደገፈ፣ አስካለ ክንዱን ይዛው መጡ። ሰፈሩ በእልልታ ተናወጠ። ደምሴ የልጅቱን ስለት በስልክ ሰምቶ ነበርና ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ትርሲትን ጭኑ ላይ አወጣት። «ሐኪም ያዳነኝ እንዳይመስላችሁ! እኔን ያመጣኝ ይቺ ናት!» አለ። ለእሷም ቀይ ጫማ አምጥቶላት ነበር። ለዮዲት ደብተርና እስክሪብቶ። እኔ የትልቅ ልጅ እናት ነኝ፤ ያን ጊዜ የዮዲትን ፊት ባየሁት ኖሮ ብዬ እቆጫለሁ።

በማግሥቱ የልደት ቀን ነው። ቤተ ክርስቲያን ተደርሶ ተመጣ፣ ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ዶሮው ቀርቧል፣ መምሬ ጥበቡ ማዕዱን ባርከው ቆርሰዋል። ደምሴ ያንን የሚያህል ጉርሻ ጠቀለለና፣ «ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው! ትርሲት ትጀምርልን። እውነተኛውን ጾም የጾመች እሷ ናት፤ ሌሎቻችን ምን ጾምን?» አለ።

«እሷ አልጾመችም» አለች ዮዲት።

ሁሉም ዞር አሉ።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ወተት ስትጠጣ ነው የከረመችው። እትዬን ጠይቃት፣ አባዬ።»

እትዬ ተዋበች የያዘችውን ጭልፋ ሰሐን ላይ ጣለችው። ትርሲት መጀመሪያ ያየችው እሷን አይደለም፤ መምሬን ነው። «አባ፣ ያውቁ ነበር?» መምሬ መስቀላቸውን በጣታቸው እያሻሹ አቀረቀሩ። ለልጅቷ በቃት።

«ማርያምን ብለሽኝ ነበር» አለች አክስቷን።

«ብትሞቺብኝስ፣ የኔ እናት? ለአባትሽ ምን እለዋለሁ?»

«አንድም አልጎደለ ብለውኝ ነበር» አለች መምሬን።

ከዚያ እህቷን ዞር ብላ አየቻት። «አንቺስ መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ቆይቷል።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም? ያኔ ብትነግሪኝ አልጠጣም ነበር።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ዮዲት ግን እውነቱን ሌላ ሰው ሲመሰገንበት ነው ያወጣችው። ራሷም አውቃዋለች፤ ማልቀስ ጀመረች።

ትርሲት አላለቀሰችም። የአባቷን እግር አየችና፣ «አባዬ፣ አሁን ያምሃል?» አለችው።

ደምሴ ምን ያውቃል! «ትንሽ» አላት።

በቃ። ልጅቷ ቀዩን ጫማ አውልቃ ወንበር ሥር አስቀመጠች። «ስለቴ አልደረሰም። አባዬ ተመልሶ ይታመማል። ዛሬ አንድ ብዬ እጀምራለሁ፤ አሁን ውሃም አልጠጣም።»

መምሬ፣ «ልጄ፣ በልደት ቀን ጾም የለም፤ ዛሬ መጾም ኀጢአት ነው» አሏት። «እርስዎን አላምንም» አለቻቸው። አስካለ ለመነቻት፣ ደምሴ ተቆጣት። «ከናንተ እጅማ አልበላም፤ ስለቱ ለአባዬ ነው» አለች። አራት ሰዓት ሆነ፣ ስድስት ሰዓት ሆነ። ባሮክ እንኳ የዶሮ እግሩን አቀረበላት፤ አልቀመሰችም። ከንፈሯ ደረቀ። ያቺ ነርስ ለእንኳን አደረሳችሁ መጥታ አየቻትና፣ «ይቺ ልጅ ገና አላገገመችም እኮ! ዛሬ ካልበላች ተመልሳ ትወድቅባችኋለች፤ ያን ጊዜ በጉርሻ አትመልሷትም» አለች።

ደምሴ በክራንቹ ተነሥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። «እሺ፣ እናቴ፣ ምን ብናደርግ ትበያለሽ?»

ትርሲት ብዙ አሰበች። «ስለቴን ያፈረሰው ሰው በእኔ ነው ብሎ ያጉርሰኝ። ያኔ ጥፋቱ በእሱ ይሆናል፣ አንተን አይነካህም። ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። ካላፈረሰው ሰው እጅ ከበላሁ አባዬ ይሞታል። ሁለተኛ እንዳትዋሹኝ!»

እትዬ ተዋበች ጉርሻ ጠቅልላ ቀረበች። «እኔ ነኝ ያፈረስኩት፤ በገዛ እጄ ያጠጣሁሽ እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም፤ አሁንም ብትወድቂ አሁንም አጠጣሻለሁ።»

መምሬ ጥበቡም ጠቀለሉ። «እሷ ስታጠጣሽ ታማሚ ነው ያጠጣችው፤ ታማሚ ጾም የለበትም። ስለትሽን ያፈረስኩት እኔ ነኝ፣ ምስክርሽ። የጾሙ ነገር በኔ ይሁን ብዬ ተቀብዬዋለሁ፤ ቆመሽ ስትጠይቂኝም ዓይንሽን እያየሁ ካድኩሽ።»

ዮዲትም ጉርሻ ጠቅልላ መጣች። «ሁለቱም አይደሉም። ሳታውቂ ለጠጣሽው ማን ይጠይቅሻል? እስከ ዛሬ ጧት ስለትሽ ሙሉ ነበር፣ አባዬም መጥቷል። ዛሬ ቀንቼ በአፌ ያፈረስኩት እኔ ነኝ።»

ሦስቱም እውነታቸውን ነው። ባለቤቴ ዮዲት ናት ይላል፣ እኔ ደግሞ ሌላ እላለሁ፤ የኔን አልነግራችሁም። ልጅቷ ከንፈሯን ገጥማ ከአንዱ እጅ ወደ አንዱ ታያለች፤ ብትሳሳት አባቷን በገዛ አፏ የገደለችው ነው የሚመስላት፣ ባትበላም ራሷ መውደቋ ነው። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ትርሲት ከማን እጅ ትጉረስ?