ጀበና ስንት እፍኝ ትይዛለች?

አንድ የሸክላ ገበያ ነበር፤ ደንቡ ከሌላው ገበያ ሁሉ ይለያል። ገዢ የወደደውን ዕቃ እህል ይሞላዋል፣ እህሉን ለሠሪዋ ይሰጣል፣ ዕቃውን ይዞ ይሄዳል። ለጋን ጋን ሙሉ፣ ለድስት ድስት ሙሉ። በቃ።

ማንጠግቦሽ የምትባል ሸክላ ሠሪ ለዚህ ገበያ አንዲት ጀበና ይዛ ወጣች። አፈሩን ከገደል ቆፍራ፣ አቡክታ፣ አንገቷን አቅንታ፣ በጠጠር አለስልሳ፣ በእሳት ተኩሳ እስክትጨርስ አራት ቀን ፈጅቶባታል። ቤት ሦስት ልጆች እህል ይጠብቃሉ። ጓንጉል የተባለ የእህል ነጋዴ ጀበናዋን አገላብጦ አየና ወደዳት። ሦስት እፍኝ ማሽላ ጨመረባትና «ይኸው፣ ሞላች» አለ።

«አያ ጓንጉል፣ የአራት ቀን ድካሜ ነው እኮ» አለችው።

«ታዲያ ደንቡን እኔ አወጣሁት? ትልቅ ትልቁን መሥራት ነበራ።»

ማንጠግቦሽ ማሽላውን ዘርግፋለት ባዶ ጀበናዋን ይዛ ቤቷ ገባች። ልጆቿ ያን ሳምንት በጎመን ብቻ ከረሙ። እኔ ብሆን ሦስቱን እፍኝ ይዤ እገባ ነበር፤ እሷ ግን ቆርጣለች።

በሳምንቱ ከጀበናዋ ጋር አንድ ቁና የሸክላ አፈር ተሸክማ መጣችና ጓንጉል ፊት አስቀመጠችው። «በዚህ ልክ ማሽላ ስፈርልኝ» አለችው።

ጓንጉል ሳቀ። «ለአፈር? ደጄ ሞልቶ የለም እንዴ፣ ምን ነካሽ?»

«እንግዲያው ጀበናዋን የፈለግኻት ለአፈሯ አይደለም። ለባዶ ሆዷም ከሆነ ቅል አለልህ። ታዲያ ምኗን ነው የምትገዛኝ?»

ከጓንጉል አጠገብ ማሽላውን ዘርግቶ የሚሸጥ ደባስ የሚባል ገበሬ ነበርና ወደ እሱ ዞረች። «አያ ደባስ፣ ይህች ጀበና አራት ቀን ፈጅታብኛለች፤ አንድ ቁና ማሽላስ ስንት ቀን ያለፋሃል?»

ገበሬው እርሻውን፣ አረሙን፣ የወፍ ጥበቃውን፣ ውቂያውን በልቡ አሰላ። «ሁለት ቀን አያንሰውም» አለ። ከዚያ ሳይከራከር ሁለት ቁና ሰፈረላትና ጀበናዋን ተቀበለ።

ጓንጉል ይህን ሲያይ «ለእኔም በዚሁ ስሌት ሌላ ሥሪልኝ» አላት።

«እሺ፤ የአንተስ ማሽላ ስንት ቀን አለፋህ?»

ጓንጉል ጎተራውን አሰበ፣ ቀኑን ግን ሊቆጥር አልቻለም። ማሽላውን ያረሱት ሌሎች ናቸው።

ወዳጄ፣ ዕቃን ዋጋ የሚያሰጠው ሰው የደከመበት ቀን ነው። እስቲ ዛሬ የገዛኸውን አንድ ዕቃ አንሣና ጠይቅ፤ የማን ስንት ቀን አለቀበት? ለዚያ ሰውስ ስንት እፍኝ ደረሰው?