በሞቴ እየተባለች የበላችው ልጅ

፦ ተረት ተረት!

፦ የማታ እራት!

አዎ፣ የማታ እራት። የዛሬው ነገሬም ስለ መብላት ነው። ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ እግርህን ሰብስብ። አንቺም ሕፃኑን አስተኚው። ተረቱ መራራ ነው፤ የሚጣፍጥ የሚፈልግ ጎረቤት ሄዶ ይስማ።

በድሮ ዘመን ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። አገሩን ክፉ ቀን መታው። ዝናቡ ቀረና ከብቱ አለቀ። ሰው የሚቀምሰው አጣ። ደብሪቱም በዚያ ክፉ ቀን ባሏንና ሁለት ልጆቿን ቀበረች። ትንሹ ልጇ ሊሞት ሲል፦ «እማዬ፣ ትንሽ ዳቦ» አላት። ከየት ታምጣ? ባዶ እጇን ይዞ ሞተ። ከዚያ ወዲያ ያቺ ቃል ከጆሮዋ ወጥታ አታውቅም።

ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያም ዝናቡ መጣና ሴት ልጅ ወለደች። ያዋለዷት ጎረቤቷ እማማ ዘነቡ ናቸው። ልጅቷን ካሳነሽ አለቻት። ለቀበርኳቸው ሁሉ ካሳ ትሁነኝ ማለቷ ነው። ገና እትብቷ ሳይደርቅ አቅፋት ማለች፦

፦ ይቺ ልጅ በኔ ቤት «ራበኝ» አትልም! እኔ በቁሜ እያለሁ አትልም!

በዚህ እኔ አልፈርድባትም። የሚፈርድ ካለ በመጀመሪያ ሁለት ልጅ ይቅበር።

ዘመኑም መልካም ሆነ። እህሉ ያዘ። ላሞቹ ወለዱ። ደብሪቱ ጠዋት ገንፎውን በቅቤ ታቀርባለች። ረፋድ ላይ እርጎ ታጠጣለች። ቀትር ላይ ፍትፍት፣ ከዚያም ዳቦ በማር። ልጅቷ እጇን ወደ ሌማት ሰድዳ አታውቅም። ሁሌ የሚያጎርሳት የእናቷ እጅ ነው።

፦ በቃኝ እማዬ።

፦ ይቺን ብቻ! በሞቴ!

፦ ጠገብኩ እኮ።

፦ አፈር ስሆን! እኔን ቅበሪኝ! ይቺን ብቻ!

ልጅቷ የእናቷን ዓይን ታያለች። ከዚያም አፏን ትከፍታለች። አንዲቷ ጉርሻ ሁለት ትሆናለች፤ ሁለቷም አምስት።

እኛ አገር እንግዲህ እንዲህ ነው። እንግዳ ሲመጣ በሞቴ እንላለን። ሙሽራ ስትመጣ በሞቴ እንላለን። ያልማለ ሰው ምግቡን የሰሰተ ይመስለናል። ሰው ሁሉ ደብሪቱን አመሰገናት። ሴቶቹ መጥተው የልጅቷን ጉንጭ ቆንጠጥ ያደርጉና፦ «እሰይ! እንዴት ድንቡሽቡሽ ብላለች! የጥጋብ ቤት ልጅ!» ይላሉ። ቆንጥጠውም አይቀሩ፣ እነሱም ያጎርሷታል። ደብሪቱ ይህን ስትሰማ ደረቷ ይሞላል። ክፉ ቀንን አሸነፍኩት ትላለች በልቧ።

ካሳነሽ ሰባት ዓመት ሞላት። እኩዮቿ ከግራሩ ሥር አባሮሽ ይጫወታሉ። እሷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ታያለች። አንድ ቀን ተነሥታ ልትከተላቸው ሞከረች። ጥቂት እርምጃ ሄዳ ትንፋሽ አጠራትና ተቀመጠች። ደብሪቱ ከቤት ሮጣ ወጣችና አዘለቻት፦

፦ ማን ሩጪ አለሽ? ብትወድቂብኝስ?

እማማ ዘነቡ ከአጥራቸው ማዶ ሆነው ይህን አዩ። መጥተውም ተቀመጡ።

፦ ደብሪቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እንዳትቀየሚኝ።

፦ ምን ሆኑ እማማ?

፦ ይቺን ልጅ በነዚህ እጆቼ ነው የተቀበልኳት። ስትተኛ ታንኮራፋለች። ጉልበቷን ያማታል። ደረጃሽን እንኳ ሳታርፍ አትወጣም። ማጉረሱን ተይው፤ በእጇ ትብላ፣ ሲበቃት ትተወው። ከልጆቹ ጋር ልቀቂያት። ውኃ ትቅዳ፣ ትሩጥ፣ ትውደቅ፣ ትነሣ።

ደብሪቱ ፊቷ ጠቆረ።

፦ እማማ፣ እርስዎ ልጅ በረሃብ ቀብረው ያውቃሉ?

፦ አልቀበርኩም።

፦ እንግዲያውስ ዝም ይበሉ።

አሮጊቷም ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወጡ። እንዲህ ያለ መልስ የመለሰን ሰው ምን ትሉታላችሁ? ዝም ነው የሚባለው።

ዓመቱ ዞሮ እንቁጣጣሽ መጣ። ሴቶች ልጆች ተሰብስበው፣ አደይ አበባ ይዘው፣ እየዘፈኑ በየቤቱ ይዞራሉ። ደብሪቱ ደጃፍም መጡና ዘፈኑ። ከዚያም አንዲቷ፦ «ካሳነሽ፣ ነይ አብረን እንዙር» አለቻት። እስከዚያን ቀን ማንም ነይ ብሏት አያውቅም። ልጅቷ ከደስታዋ ብዛት ብድግ አለች። እናቷ ግን ገንፎውን በእጇ ዝቃ መጣች፦

፦ ሳትበዪማ አትሄጂም።

፦ ከበላሁ መሄድ ያቅተኛል እማዬ።

፦ ይቺን ብቻ! በሞቴ!

ካሳነሽ እናቷን አየች፣ ልጆቹን አየች። ከዚያም በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ገጠመች። ገጥማም ወጣች። ደብሪቱ ጉርሻውን እንደያዘች በር ላይ ቀረች።

ልጆቹ ዳገቱን እየዘለሉ ወጡት። ካሳነሽ እኩሌታው ላይ ቀረች። ቆዩና ጠበቋት፣ ደግሞም ጠበቋት። ግን ቀኑ የእነሱም ቀን ነው፤ ጥለዋት ሄዱ። እሷም ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ዘፈኑ ከሩቅ ሲመጣ ሰማች። ከዚያም እያረፈች ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ስትገባ እናቷ መደብ ላይ ወድቃ ትንቀጠቀጣለች። የመስከረም ንዳድ ነበር። ከጧት ጀምሮ ሰውነቷን ሲቆረጥማት ነበር፤ ለበዓሉ ብላ ነው ቆማ የዋለችው። ልጅቷ ግን ይህን በምን ታውቃለች?

ደብሪቱ ሦስት ቀን ራሷን አላወቀችም። እማማ ዘነቡ ቂም አልያዙም፤ እየተመላለሱ ውኃ ያጠጧታል። በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ደብሪቱ ዓይኗን ገለጥ አደረገች። ጥግ ላይ የሆነ ድምፅ ሰማች። ዘወር ብላ አየች። ካሳነሽ ናት። የቀዘቀዘ ገንፎ በሁለት እጇ እየዛቀች ወደ አፏ ትከታለች። እንባዋ በገንፎው ላይ ይወርዳል። ትውጣለች፣ ያስመልሳታል፣ ደግሞ ትውጣለች።

፦ ልጄ… ምን እያደረግሽ ነው?

፦ እየበላሁልሽ ነው እማዬ! አትሙቺብኝ! ያን ቀን እምቢ ያልኩሽን ሁሉ እበላዋለሁ!

ደብሪቱን ከንዳዱ ይልቅ ይህ አንቀጠቀጣት። ገባት። ልጇ እነዚያን ሁሉ ዓመታት የበላችው ርቧት አልነበረም፤ ጣፍጧትም አልነበረም። እናቷን ከሞት ለማትረፍ ነው የበላችው። እናቷ ማለች፣ በላች። ማለች፣ በላች።

በማግስቱ ንዳዱ ለቀቃት። ቀኑን ጨርሶ ነው የለቀቃት። ካሳነሽ ግን እጇን አጨብጭባ፦ «አየሽ? አየሽ እማዬ?» አለች። አያችሁ ጉዱን? መዳኗ ከመታመሟ የባሰ ሆነ።

ደብሪቱ ቀስ ብላ አስቀመጠቻት፦

፦ ስሚኝ የኔ ልጅ። በሞቴ ያልኩሽ እንዲያው አፌ ለምዶ ነው። ሰው ሁሉ ይለዋል። ባትበዪም አልሞትም።

፦ ታዲያ እምቢ ስልሽ ለምን ታመምሽ?

፦ ንዳድ ነው።

፦ ስበላስ ለምን ዳንሽ?

ልጅቷም እናቷን በአዘኔታ አየቻት። ለኔ ስትል ነው የምትዋሸኝ፣ ልትሞትልኝ ነው አለች በልቧ። ከዚያም የባሰ በላች። ቤት ስትከለከል ተደብቃ በላች። ጎረቤት ስትሄድም ሴቶቹ በሞቴ ይሏታል፤ እነሱም እንዳይሞቱ ትበላለች። የመንደሩን ሁሉ ነፍስ ተሸከመች።

ደብሪቱ ቤት ለቤት ዞረች። «እባካችሁ፣ ለልጄ አታጉርሱ። እባካችሁ አትማሉባት» አለች። ሰዉ ተቀየማት። «አይ ደብሪቱ! ሀብት ሲመጣ ሰሰተች። የሰው ጉርሻ ጠላች» አላት። ያው የተመሰገነችበት አፍ ነው የሰደባት። አብረዋት ያዘኑት እማማ ዘነቡ ብቻ ናቸው።

፦ እማማ፣ ምን ላድርግ? በዚያን ጊዜ ነግረውኝ ነበር።

፦ ነግሬሽ ነበር። መንገሩን እንጂ መፍታቱን እኔም አላውቅም። ጊዜ ስጫት። በእግር ይዘሻት ውጪ። አንቺም አብረሽ ሂጂ።

ደብሪቱ ግን ፈርታለች። የፈራ ሰው ጊዜ አይሰጥም። አንድ ቀን ከጓሮ ስትገባ ካሳነሽን ሌማቱ ላይ አገኘቻት። አፏ ሞልቷል። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ደብሪቱ ጮኸች፦

፦ በሞቴ እንዳትበዪ! ከዋጥሽው እሞታለሁ!

ወዲያው የራሷን አፍ በእጇ ያዘች። ምን አባቴ አናገረኝ አለች። ግን ቃሉ ወጥቷል።

ልጅቷ ደርቃ ቀረች። ብትውጠው እናቷ ልትሞት ነው። ብትተፋው እናቷ ልትሞት ነው። ጉንጯ እንደተወጠረ ተቀመጠች። አታኝክም፣ አትተፋም። ዓይኗ ብቻ እናቷ ላይ ነው፤ እንባዋ ይወርዳል። ደብሪቱ ተንበርክካ ለመነቻት። «ትፊው! እሺ ዋጪው! እንደወደድሽ አድርጊው የኔ እናት!» አለቻት። አልሰማቻትም። በመጨረሻ ደብሪቱ ጣቷን ከተተችና ከአፏ እየለቀመች አወጣችው። ልጅቷም፦ «እማዬን ገደልኳት!» ብላ ድምፅዋ እስኪጠፋ ድረስ ጮኸች።

ደብሪቱ አልሞተችም። ሰባት ዓመት ኖረች። በነዚያ ሰባት ዓመታት አንዲት ጊዜ እንኳ በሞቴ አላለችም። በየማለዳው ልጇን ይዛ እስከ ወንዙ በእግር ትወስዳታለች። ልጅቷም ጥቂት ቀለል አለች። ነገር ግን ሌማት ሲቀርብ መጀመሪያ የምታየው ምግቡን አልነበረም፤ የእናቷን ፊት ነው። ገርጥታ እንደሆነ፣ ስላ እንደሆነ። አይታ ነው የምትቆርሰው። እናቷ ያሳለች ቀን ብዙ ትበላለች። እናቷ የሳቀች ቀን ጥቂት ትበላለች። ደብሪቱ ስለዚህ ጉንፋን ሲይዛት እንኳ ሳሏን በነጠላ አፍና ትስቅ ነበር። እንዲህ ያለ ኑሮ ይኑራችሁ አልልም።

በስምንተኛው ክረምት ሳሉ ጠናባትና ሞተች። ካሳነሽ አላለቀሰችም። ለቀስተኛው ሞልቶ፣ የመንደሩ ሴቶች እዝን ይዘው ገብተው ሳለ፣ ልጅቷ ጥግ ላይ ተቀምጣ በጣቷ ትቆጥራለች። ቅዳሜ የበላችውን ትቆጥራለች፤ ዓርብ የበላችውን ትቆጥራለች። ከዚያም ቀና ብላ ሴቶቹን ጠየቀች፦

፦ ምኑን ይሆን ሳልበላ የቀረሁት?

ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሐዘን አናውዟት ነው አሉ። እማማ ዘነቡ ያኔ በሕይወት የሉም፤ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አንዲቱ ደግ ሴት ጠጋ አለቻት። ከእዝኑ ጠቅለል አድርጋ ዘረጋችላት፦

፦ እህል ይዞ ነው ሐዘን። አይዞሽ ልጄ፣ ይቺን ብቻ። በሞቴ!

ካሳነሽ የሴቲቱን ዓይን አየች። አፏንም ከፈተች።

እንግዲህ ተረቴ እዚህ ላይ ቆመ። እኔ የልቤን አውጥቻለሁ፤ እናንተ ደግሞ ሌማቱን አውጡ። አፌ ደርቋል፣ አንዲት ቁራሽ ዳቦ ብታጎርሱኝ አልጠላም። በቃኝ ካልኩ ግን በቃኝ ነው፤ የሚምልብኝ ሰው አጠገቤ እንዳይቀመጥ።