ማን ይወድሃል የተባለው ውሻ

ተረት ተረት ብዬ ልጀምር። እናንተ "የላም በረት" በሉ፤ ባትሉም ግድ የለኝም፣ የዛሬው ተረት ላም የለበትም። ያለበት ውሻ ነው። ቡችላ ልታሳድጉ ያሰባችሁ ካላችሁ ቀረብ በሉ። ሳቅ ፈልጋችሁ የመጣችሁ ደግሞ ሌላ ተረት አዋቂ ፈልጉ።

ድሮ ነው። ውሻ የሚናገርበት፣ ሰውም ደስ ሲለው የሚሰማበት ዘመን ነበር። በዚያ ዘመን አያ ቢሻው የሚባል ሰው ከጎረቤቱ ከደምለው ጋር በድንበር ተጣላ። የተጣሉበት መሬት ምን ያህላል ብትሉኝ፣ ዶሮ ብትተኛበት ጭራዋ ከሌላው ማሳ የሚያርፍ ነው። ቢሆንም ተጣሉ። ሽማግሌ ገባ፣ አልታረቁም። በመጨረሻ አያ ቢሻው "የዚያን ሰው ስም ከዛሬ ወዲያ ብጠራ ምላሴ ይቆረጥ" ብሎ ማለ። ማለና ተቸገረ። ሰው ለጠላቱ ስንት የሚለው ነገር አለው፤ ስሙን ሳይጠራ እንዴት አድርጎ ይስደበው?

"ውሻ ማሳደግ አለብኝ" አለ።

እናንተ የዚህ አገር ሰዎች ናችሁና ነገሩ ገብቷችኋል። በእኛ አገር ለውሻ የሚወጣው ስም ለውሻው አይደለም፤ ለጎረቤት ነው። አጥርህ ላይ ቆመህ ውሻህን ትጠራለህ፣ ጎረቤትህ ይሰማል፣ ሽማግሌ ፊት ሲያቆምህ "እኔ የጠራሁት ውሻዬን ነው" ትላለህ። ይህን ብልጠት ብለነዋል። እኔ ለዚህ ሌላ ስም ነበረኝ፤ ልጆች ስላሉ ልተወው።

አያ ቢሻው ውሻ ወልዳለች ወደተባለበት ወደ እትዬ አንጓች ቤት ሄደ።

"እትዬ አንጓች፣ ቡችላ ስጪኝ።"

"ቡችላ በባዶ እጅ አይወሰድም፣ አያ ቢሻው። ጨው ይዘሃል?"

ጨዉን ሰጣትና ገባ። እናቲቱ ውሻ ሦስት ቡችሎቿን አቅፋ ተኝታለች። አያ ቢሻው አንደኛውን በማጅራቱ ይዞ አንጠለጠለው። ቡችላው ጮኸ። "ይሄ ፈሪ ነው" ብሎ ጣለው። ሁለተኛውን አንጠለጠለው። እሱም ጮኸ። "ይሄም ፈሪ ነው" ብሎ ጣለው። ሦስተኛውን አንጠለጠለው። ሦስተኛው አልጮኸም። አየር ላይ እንዳለ ጭራውን ወዝወዝ አደረገ።

"ይሄ ጎበዝ ነው። ይሄን እወስዳለሁ።"

እናቲቱ ቀና አለች። "ጎበዝ ሆኖ አይደለም ያልጮኸው። አምኖህ ነው።"

"ውሻ ደግሞ ስለ ውሻ ሊያስተምረኝ ነው?"

"ስለ ውሻ ከማን ልትማር አስበሃል? ከበግ? ስማኝ። ልጄ ጡት አልተወም፤ ለጊዜው ወተት ስጠው። ሲያጠፋ አትምታው፤ ምን እንዳጠፋ አያውቅም፣ የሚያውቀው ማን እንደመታው ብቻ ነው። ስሙንም አስበህ አውጣለት። ከሰው ቋንቋ መጀመሪያ የሚማረው ስሙን ነው። የሰማውንም ያምናል።"

አያ ቢሻው ሳቀባት። ቡችላውን በጋቢው ሸፍኖ ወጣ። እናቲቱ እስከ አጥሩ ድረስ ተከተለችው፤ ከዚያ ወዲያ እትዬ አንጓች ይዛ አስቀረቻት።

በአያ ቢሻው ቤት ወሬው ቀድሞ ደርሶ ኖሮ በሩ፣ ሚጥሚጣውና ሰንሰለቱ ይንሾካሾካሉ።

በሩ "ይሄ ቡችላ ከተወደደ ጉድ ፈላብኝ" አለ። "የመንደሩ ሕፃን ሁሉ ሊያየው ይመጣል። ስከፈትና ስዘጋ ልውል ነው።"

ሚጥሚጣው ከቅሉ ውስጥ ሆኖ "እኔ ደግሞ እንግዳ ከቀረ ወዲህ ክዳኔን የነካው የለም" አለ። "እንዲሁ እንደተቀመጥኩ ነቅዤ መድረቄ ነው።"

ሰንሰለቱ "የእኔ ይብሳል" አለ። "የፊተኛው ውሻ አንገቱ ላይ እንዳለሁ ከሞተ ወዲህ ዝገት ጨረሰኝ።"

ሦስቱም መከሩ፣ ተስማሙ። ሥራ ፈት ሲመክር ለራሱ ነው የሚመክረው፤ ይህን እንኳ አታውቁም አልላችሁም።

አያ ቢሻው ገባና ቡችላውን መሬት ላይ አስቀመጠው። ብቻውን ስለሚኖር ከዕቃ ጋር ማውራት ለምዷል። "ይሄን ቡችላ እንዴት ላሳድገው?" አለ።

በሩ "ስም አውጣለት" አለው። "ጎረቤት ሲሰማው ደጃፌን የማይረግጥበት ስም ይሁን።"

አያ ቢሻው አሰበ። አሰበና አጥሩ ላይ ወጥቶ፣ ፊቱን ወደ ደምለው ቤት አዙሮ፣ "ማን ይወድሃል! ና!" ብሎ ተጣራ።

ደምለው ማረሻውን ይሳል ነበር፤ ቀና አለ። ቡችላው ደግሞ የሰው ቃል በስሙ ሲጠራው የመጀመሪያው ነው። እየወደቀ እየተነሳ መጣ፣ በጌታው እግር ላይ ወጣ፣ "አንተ ነሃ" አለው። ጥያቄ የተጠየቀ መስሎታል፤ መልሱም አልጠፋውም። አያ ቢሻው ግን ወደ ታች አልተመለከተም። የደምለው ፊት ሲጠቁር እያየ ነበር።

ደምለውም ቢሆን የሚተው ሰው አይደለም። ከእትዬ አንጓች ቤት ፈሪ ተብሎ ከተጣሉት አንዱን ወሰደና "አንተስ" ብሎ ሰየመው። ከዚያ በኋላ በየምሽቱ አንዱ በዚህ አጥር ይወጣል፣ "ማን ይወድሃል!" ይላል። ሌላው በዚያ አጥር ይወጣል፣ "አንተስ!" ይላል። መንደሩ እራቱን ትቶ እየሰማ ይስቃል። በመካከላቸው ሁለት ወንድማማች ቡችሎች ሥራ አጥተው ይሮጣሉ፤ ሲደርሱ የሚሰጣቸው ነገር የለም።

ቀጥሎ ሚጥሚጣው ተናገረ። "ስም ብቻውን ምን ይጠቅማል? ይሄ ቡችላ ላገኘው ሁሉ ጭራውን ይቆላል። እኔን በሥጋ አድርገህ አብላው። አንጀቱ ሲቃጠል ልቡ ይጨክናል። አባቶችህም እንዲሁ አድርገዋል።"

አባቶች ያደረጉት ሲባል ትጥቁን የማይፈታ ማን አለ? አያ ቢሻው በቁራጭ ጉበት ውስጥ ሚጥሚጣ ጠቅጥቆ ዘረጋለት። ቡችላው ከጌታው እጅ ሥጋ ሲያገኝ የመጀመሪያው ስለሆነ ሳያሸትት ዋጠው። ከዚያ መሬቱን ላሰ፣ ድንጋዩን ላሰ፣ ወደ ውሃው ሮጠ። ሚጥሚጣው "ውሃ ከጠጣ ኃይሌ ይወጣል" ሲል አያ ቢሻው የውሃውን ገል በእግሩ ደፋው።

በማግሥቱ "ማን ይወድሃል! ና!" ብሎ ጠራው። ቡችላው መጣ፤ ግን ሦስቴ ቆም እያለ ነው የመጣው። "አንተ መሰልከኝ" አለ በቀጭን ድምፅ።

በመጨረሻ ሰንሰለቱ ተናገረ። "ሲሮጥ ይውላል፣ ሲሮጥ የዋለ ውሻ የሰው ወዳጅ ያፈራል። ከጓሮ እሰረው። ሌላው ሲሄድ ሲመጣ እያየ እሱ ታስሮ ይዋል። መንገደኛ ሁሉ ጠላቱ ይሆናል።"

አሰረው። ውሻው ታስሮ አደገ። አንድ ቀን ወንድሙ አንተስ በአጥሩ ቀዳዳ አፍንጫውን አስገባ።

"ወንድሜ፣ እንዴት ሰነበትክ?"

"እንደምታየኝ ነኝ። አንተ ወፍረሃል።"

"ቤተሰቡ ከበላው ያካፍለኛል። ስሜን እንኳ ልጆቹ አሳጥረው 'አንቱ' ነው የሚሉኝ።" አንተስ ሳቀ። "ተከብሬ ነው የምኖረው። አንተንስ ምን ይሉሃል?"

"እኔን ይጠይቁኛል" አለ ማን ይወድሃል። "በየቀኑ አንድ ነገር ይጠይቁኛል።"

በዚያ ምሽት አያ ቢሻው ሲጠራው ውሻው አልመለሰም። ጭራውን አጠፈ። አያ ቢሻው ዓይኑን አየና "አሁን ውሻ ወጣው" ብሎ ተደሰተ። እውነቱንም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ማን ይወድሃል ባለበት ደጅ የሚያልፍ ጠፋ። ወተት ለመዋስ የሚመጣው ቀረ። እሳት ለመጫር የሚመጣው ቀረ። እህቱ ማንጠግቦሽ ልትጠይቀው ብትመጣ ውሻው ሰንሰለቱን እስከ ጫፉ ጎትቶ ነጠላዋን ተለተለው። "ወንድሜ፣ እኔንም አታውቁኝም ማለት ነው" ብላ በመጣችበት ተመለሰች፣ ዳግመኛም አልመጣች። በሩ ሳይከፈት ዋለ፣ ሳይከፈት ከረመ። ሦስቱም መካሪዎች የልባቸው ደረሰ።

እንግዲህ ክረምት ነው። አንድ ቀን ዝናቡ ካባራ በኋላ አያ ቢሻው ድንበሩ ላይ ያለውን ቦይ ሊቆፍር ገባ። ይህን ቦይ በየክረምቱ ወደ ደምለው በኩል ትንሽ ትንሽ ይገፋዋል። ቆፈረ፣ ቆፈረ፣ ከቁመቱ በላይ ጠለቀ። የራሰው አፈር ተናደና እስከ ጭኑ ቀበረው። እግሩ ሲሰበር በጆሮው ሰማው።

"ደም..." ብሎ ሊጠራ አፉን ከፈተ። መሐላው ትዝ አለውና መልሶ ገጠመው። ሞት አጠገቡ ቆሞ እያለ እሱ መሐላ ይቆጥራል፤ የእኛ ሰው እንዲህ ነው። የቀረው አንድ ስም ብቻ ነበር።

"ማን ይወድሃል!" ብሎ ጮኸ። "ማን ይወድሃል!"

ደምለው ማሳው ላይ ሆኖ ሰማ። "ዛሬስ ጉሮሮው አልደክም አለ" ብሎ ወገቡን ይዞ "አንተስ!" ሲል መለሰለት።

አንተስ እየሮጠ መጣና "ጌታዬ፣ የዛሬው ጩኸት የስድብ አይመስልም" አለው።

"ስድብን የሚያውቅ ሰው ነው። ውሻ ምን ያውቃል" አለ ደምለው፣ ወደ ሥራውም ተመለሰ።

ማን ይወድሃል ግን ከጓሮ ሰማ። ሰንሰለቱን ጎተተ፣ የዛገው ቀለበት ተበጠሰ። እየሮጠ ቦዩ አፋፍ ላይ ደረሰ። አያ ቢሻው ቀና ብሎ አየው፤ ውሻውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ያኔ ነው ብል አላጋነንኩም።

"ሰው ጥራልኝ" አለው።

ውሻው ሄደ። ከምንጭ የሚመለሱ ሴቶች አገኘ፤ እንስራቸውን ጥለው ሸሹ። እትዬ አንጓች ደጅ ደረሰ፤ ከውስጥ ቀረቀረች። ደምለው ማሳ ገባ፤ ደምለው ድንጋይ አንስቶ ጎኑን መታው። "ሰው ወድቋል፣ ሰው ወድቋል" እያለ ነበር። ያኔ ሰው የሚሰማው ደስ ሲለው ነው ብያችኋለሁ፤ የፈራ ሰው ደግሞ ከውሻ የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው።

እያነከሰ ተመለሰ። "ሄድኩ፤ ሸሹ" አለ።

አያ ቢሻው ጭንቀት ይዞት፣ ሌላ ቃል ጠፍቶት፣ እንደ ልማዱ "ማን ይወድሃል" አለው።

ውሻው በዚህ ጊዜ መልሱን አውቆት ነበር። "ማንም" አለ። "አንተስ?"

አያ ቢሻው የደምለውን ማሳ አሰበ። እህቱ የሄደችበትን መንገድ አሰበ። የተዘጋውን በሩን አሰበ።

"ማንም" አለ እሱም። ከዚያ እጁን ዘረጋ። ውሻው የተዘረጋ እጅ ሲያይ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ እጅ የሚያመጣውን ያውቃል። ቢሆንም አልሄደም። እጁ ከማይደርስበት ላይ ተኛ።

ሲመሻሽ ጅቦቹ መጡ። ማን ይወድሃል ተነሳና አፋፉ ላይ ቆመ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ። በየቤቱ "ያ ክፉ ውሻ ዛሬም አላስተኛን አለ" ተባለ። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ከዚያ ዝም አለ።

ነገሩን ሰው ያየው ሲነጋ ነው። ከአያ ቢሻው የተገኘውን ወስደው ቀበሩት። ከውሻውም የተረፈ ነበር፤ ግን ውሻ አይቀበርም ተባለና እዚያው ተተወ። ደምለው ብቻ ሰው ሁሉ ሲሄድ ቀርቶ ቦዩን ሲደፍን ዋለ። አንተስ አጠገቡ ተቀምጦ ያየው ነበር፤ አልተናገረውም። ውሻ ለሰው መናገር የተወው ከዚያ ወዲህ ነው ይላሉ፤ እኔም አልፈርድበትም።

ተረቴ ይኸው ነው። "መልሱ" አልላችሁም፤ ይሄ የሚመለስ አይደለም። ለአፌም ዳቦ አልፈልግም። ቡችላ ስትወስዱ ግን ወተት አጠጡ፣ የሚያምነውን ፈሪ አታድርጉት፣ ስሙንም ለእሱ አውጡለት። ለጎረቤታችሁ የምትሉት ካላችሁ አንኳኩታችሁ ገብታችሁ በሉት።

ውሻ ሚጥሚጣም ቢያበሉት በበላበት ይጮኻል፤ የሚያፍረው ያበላው ነው።