ላጲሱና የስንብት ደብዳቤው

አቶ ድንበሩ የሚባሉ ቁጡ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። አንድ ቀን ኮምፒውተራቸው ሲበራ ጢጥ ጢጥ ብቻ እያለ አልከፈት አላቸው። የጥገና ሠራተኛዋ ተጠርታ መጣች። ክዳኑን ከፍታ ሜሞሪ የሚባለውን ስስ ካርድ ነቀለችና የቆሸሹ የብረት ጥርሶቹን በተማሪ ላጲስ ፈተግ ፈተግ አድርጋ መለሰችው። ኮምፒውተሩ ወዲያው ተከፈተ።

አቶ ድንበሩ ግን ላጲሱን ሲያዩ ጮኹ።

«አንቺ! በላጲስ ፈተግሽው? የአሥር ዓመት ሥራዬን አጠፋሽው!»

«ኧረ ጋሼ፣ ያስለቀቅኩት ቆሻሻውን ብቻ ነው። ፋይልዎ አንድም አልተነካ።»

«ላጲስ ምን እንደሚሠራ እኔን ልታስተምሪኝ ነው? ተባረሻል!»

ጸሐፊያቸውን ጠርተው የስንብት ደብዳቤዋን እዚያው ኮምፒውተር ላይ አስጻፉ። ጸሐፊዋ ጽፋ ሴቭ እስክታደርግ የጥገና ሠራተኛዋ ጠበቀች። ከዚያ ላጲሷን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው።

«ጋሼ፣ ደብዳቤው ሳይታተም ሜሞሪውን አንዴ ደግሜ ልፈትገው። ደብዳቤው በላጲስ ከጠፋ፣ የሚያባርረኝ ወረቀት የለም። ካልጠፋ ደግሞ፣ የምባረርበት ጥፋት የለም።»

ጸሐፊዋ ሳቋ አመለጣት። አቶ ድንበሩ ስክሪኑን አዩ፣ ላጲሱን አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በይ ላጲስሽን አስቀምጪ» አሉ። «ደብዳቤውን እኔው አጠፋዋለሁ።»