ደብሪቱና የሚካኤል ደጅ

ስሙኝማ ልጆች። ድሮ ነው፤ ተራራው እንጂ ሰው የማያስታውሰው ድሮ። ጎሽ ሜዳ በምትባል አገር ደብሪቱ የምትባል ውኃ ቀጂ ነበረች። ለሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በእንስራ ውኃ ትቀዳለች። ሌላ ሥራ የላትም።

በዚያ ዘመን የጎሽ ሜዳ ሰው ተጣላ። የላይ ሰፈር ሰው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ የሚሳለሙት የበሩን መቃን ነው አለ። የታች ሰፈር ሰው፣ የለም፣ ጎንበስ ብለው ደፉን ነው አለ። ማን ጀመረው? እንጃ። ብቻ ሰንበቴው ለሁለት ተከፈለ፤ ጽዋ የሚቀባበል ጠፋ።

ደብሪቱ እስከዚያ ድረስ የቱን ትሳለም እንደነበር አታውቅም። እንስራዋን አዝላ ስትገባ አፏ የደረሰበትን ነበር የምትስመው። አሁን ግን ሰው ያያታል።

አንድ እሑድ መቃኑን ተሳለመች። የታች ሰፈር ሰዎች አዩ። የላዮቹ ሆነሻል ብለው ፊታቸውን አዞሩባት።

በሌላው እሑድ ደፉን ተሳለመች። የላይ ሰፈር ሰዎች አዩ። ምነው ደብሪቱ፣ ምን ጠፍቶሽ ነው መሬት የምትፈልጊው ብለው ሳቁባት። ቢጨንቃት ቄሱን ጠየቀች። ቄሱ ዙሪያቸውን አይተው፣ ሁለቱም ደግ ነው፣ እሳቸው አሉ ብለሽ ግን እንዳታወሪ አሏት። ይብስ ተምታታባት።

ከዚያ የልጇ ልጅ ክርስትና ደረሰ። ሕፃኗ ከተወለደች ጀምሮ ደካማ ናት፤ ያን ጠዋትም ጡት አልያዘችም። ሳትጠመቅ ብትሞትስ? ደብሪቱ ታቅፋት ሮጠች። በሩ ላይ ስትደርስ የላዮቹም የታቾቹም ቆመዋል። ዛሬ የቱን እንደምትሳለም ሊያዩ ነው።

መቃኑን አየች። ደፉን አየች። ቢቸግራት ሕፃኗን ለታች ሰፈሩ ሽማግሌ፣ ለአያ ጓንጉል ዘረጋችላቸው።

«አያ ጓንጉል፣ ልጅቷን ይያዙልኝ። እኔስ ጠፋኝ። እርስዎ የሚያውቁትን ተሳልመው ያስገቡልኝ» አለች።

አያ ጓንጉል ተቀበሉ። ሊጎነበሱ ሞከሩ። ሕፃን ታቅፎ ደፍ መሳለም አይሆንም፤ ጉልበታቸውም የሽማግሌ ጉልበት ነው። ቆመው ቀሩ። ሕፃኗ ቃተተች።

ያን ጊዜ የላይ ሰፈሩ አያ ተድላ፣ ጓንጉልን እንደምን አደርክ ማለት ከተዉ የቆዩት ሰው፣ እጃቸውን ዘረጉ።

«አምጣት እስኪ። አንተ ተሳለም» አሉ።

ጓንጉል ደፉን ተሳለሙ። ተነሥተው ሕፃኗን ተቀበሉ። ተድላም መቃኑን ተሳለሙ። ሁለቱም ሕፃኗን ይዘው ገቡ። ደብሪቱ የቱን ተሳልማ እንደገባች ያየ የለም።

ሕፃኗ ተጠመቀች፤ አደገች፤ ወለደች፤ ከበደች።

ዛሬም በጎሽ ሜዳ ልጅ ክርስትና ሲነሣ እናትና አባት በበሩ አያስገቡትም። ጎረቤት፣ ያውም የተኳረፉት ጎረቤት ተጠርቶ ነው የሚያስገባው። ሁለት ሰዎች ስለ አቋቋም፣ ስለ አሰጋገድ ከተከራከሩ ደግሞ አንዱ ይነሣና «ልጅቷን ያዝልኝ» ይላል። የቱ ትክክል እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ እንዲህ የሚሉትም አያውቁም። ብቻ ክርክሩ እዚያ ላይ ይቆማል፤ ሰዉም ይገባል።