ዚያዳ የቀመቀመችው ኢሕራም

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ይሁን። ከደጋግ ሰዎች የሰማነውን ስናወራ ከመጨመርም ከማጉደልም እሱ ይጠብቀን።

በድንጋይ ግንብ በታጠረች፣ የሲራራ ነጋዴ በማይጠፋባት አንዲት ጥንታዊ ከተማ ሸህ ጦይብ የሚባሉ ዓሊም ይኖሩ ነበር። በመስጊዱ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ለደረሶቻቸው፣ ለተማሪዎቻቸው ማለት ነው፣ ኪታብ ያቀራሉ። የማይቆጡ፣ የማንንም ጥያቄ የማይንቁ ሰው ነበሩ። የሐጅን ምዕራፍ ሲያስረዱማ ደረሳው ሁሉ ዐረፋ ተራራ ላይ የቆመ ይመስለዋል። እሳቸው ራሳቸው ግን መካን አላዩም፤ አቅሙ አልነበራቸውም። ጸጉራቸው ነጥቶ ጉልበታቸው መክዳት ሲጀምር ነው አላህ መንገዱን የከፈተላቸው።

በቤታቸው ያለችው ሴት አንዲት ብቻ ናት፤ የልጃቸው ሚስት ዚያዳ። ባለቤታቸው ቀደም ብለው ወደ አኼራ ሄደዋል፤ ልጃቸው ነጋዴ በመሆኑ ወጥቶ ይከርማል። ዚያዳ ከቆላ የመጣች ናት። ከመንደሯ ሐጅ ያደረገ ሰው በአያቶቿም ዘመን አልተሰማም። ወላጆቿን በልጅነቷ ስላጣች፣ ሸህ ጦይብ በመጀመሪያው ቀን «ልጄ» ብለው ሲጠሯት ማድቤት ገብታ አለቀሰች። ወጥ ታሳርራለች፤ ጎረቤት ይህን እያነሳ ይስቅባታል። መርፌ ከያዘች ግን የሚደርስባት አልነበረም። ለባሏ ኮፍያ፣ ለጎረቤት አራስ የልጅ መታቀፊያ፣ ለአማቷ የኪታብ መያዣ ከረጢት የሰፋችው እሷ ናት። ሰውን እወድሃለሁ ብላ በአፏ መናገር አይሆንላትም፤ ሰፍታ ትሰጠዋለች እንጂ።

በእሷ መንደር አንድ ልማድ አለ። ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ጫፉ ያልተቀመቀመ ጨርቅ ለብሶ አይወጣም። እናቱ ወይም እህቱ ወይም ሚስቱ ዳር ዳሩን ትቀመቅምለታለች፤ በላዩም ጥልፍ ትጠልፍለታለች። በየስፌቱም «አላህ በሰላም ይመልስህ» ትላለች። ጫፉ እየተተረተረ መንገድ የወጣ ሰው፣ ዘመድ የሌለው ሰው ነው ይባላል።

የከተማው ልማድ ግን ሌላ ነበር። የሐጅ ተጓዥ የሚለብሳቸው ሁለቱ ነጭ ጨርቆች፣ ኢሕራሙ ማለት ነው፣ ከሸማኔው እጅ ከወጡ በኋላ መርፌ አይጠጋቸውም። ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ በከተማው የለም። ሁሉም ስለሚያውቀው ደግሞ ማንም ለማንም አይናገረውም።

ሸህ ጦይብ ጨርቁን ከሸማኔው አምጥተው «ልጄ፣ ይህን ሳጥን ውስጥ አስቀምጪልኝ። የአላህን ቤት የማይበት ልብሴ ነው» አሏት። ዚያዳ ዘርግታ አየችው። ከጫፉ ክሩ ተንዘልዝሏል። «ይህን ያህል ዘመን ተመኝተው፣ በአላህ ቤት ፊት እንዲህ ተተርትረው ሊቆሙ ነው? የሚሰፋላቸው ሰው አጡ ሊባል ነው?» አለች በልቧ።

ሸሁ መስጊድ በዋሉ ቁጥር በሩን ዘግታ ሰፋች። ሁለቱንም ጨርቆች ዙሪያቸውን ቀመቀመቻቸው፤ በላይኛው ጨርቅ ጫፍ ላይ ደግሞ በአረንጓዴ ክር የሐረግ ቅጠል ጠለፈችበት። ጠባብ ጥልፍ ነው፤ ከሁለት ጣት አይበልጥም። እንዲህ ያለ አረንጓዴ ክር በገበያው ስላልነበረ፣ ከራሷ ሻሽ ላይ ተርትራ ነው ያወጣችው። ሲያዩት ይደሰቱበት ብላ ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

የሽኝቱ ቀን ፀሐይ ሲበርድ፣ የአስር ሰላት እንደተሰገደ ግቢው በሰው ሞላ። ወንዶቹ ሰሌን ላይ፣ ሴቶቹ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀመጡ። በከተማው ደንብ የተጓዡ ኢሕራም ከሳጥን ወጥቶ በሽማግሌዎች ፊት ይዘረጋና ዱዓ ይደረግበታል። ይህን የሚመሩት ሐጂ ሽፋ ናቸው። ሐጂ ሽፋ አንድ ጊዜ መካ ደርሰው ተመልሰዋል፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ዝናብ ቢጠየቁ እንኳ «እኔ መካ በነበርኩ ጊዜ» ብለው ነው የሚጀምሩት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ አፋቸው ይቀድማቸዋል እንጂ።

ጨርቁን ዘረጉት። አረንጓዴው ሐረግ በነጩ ላይ ወለል ብሎ ታየ።

«አስተግፊሩሏህ!» አሉ ሐጂ ሽፋ፣ እሳት እንደነካው ሰው እጃቸውን እየሰበሰቡ። «ኢሕራም ላይ መርፌ! የማን እጅ ነው ይህን የሠራ?»

ከመጋረጃው ጀርባ አንዲት ሴት «የቆላዋ ናታ፤ ከሷ በቀር ማን ይደፍራል» ስትል ተሰማች።

«በዚህ የተደረገ ሐጅ ሐጅ አይሆንም!» አሉ ሐጂ ሽፋ። «ሸማኔው ሌላ የለው፤ ሲራራው ነገ ማለዳ ይነሳል። የሸሁ የዕድሜ ልክ ምኞት በአንዲት ሴት መርፌ ቀረ በሉኛ!»

ዚያዳን የጣላት ይህ ነው። ስድቡንስ ትችለው ነበር። የእሳቸውን ሐጅ አበላሸሁ የሚለውን ግን መሸከም አቃታት። መጋረጃውን ገልጣ ወጣችና በሸሁ ፊት በርከክ አለች።

«አባባ፣ እኔ ነኝ። አላወቅሁም፤ ወላሂ አላወቅሁም። አሁኑኑ ተርትሬ አወጣዋለሁ።»

ሸህ ጦይብ ቢቆጡ የሚፈርድባቸው አልነበረም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቁት ነገር ነው። ጨርቁን አንስተው ጥልፉን በጣታቸው ዳበሱት።

«ይህ ክር ከየት መጣ፣ ልጄ?»

«ከሻሼ ላይ ነው።»

«ከየትኛው ሻሽ?»

«ከሰርጌው» አለች፣ ቀና ሳትል።

የሸሁ ዓይን እንባ አቀረረ። ወደ ሰዉ ዞሩ።

«ሐጂ ሽፋ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለወንድ የከለከሉት ቀሚስንና ሱሪን፣ በአካል ልክ የተሰፋውን ነው። እንዳይተረተር ጫፉ የተቀመቀመ ጨርቅ ያው ጨርቅ ነው። ይህን ዘመኔን ሁሉ ሳቀራው የኖርኩት ነገር ነው፤ ለልጄ ብዬ ዛሬ የፈጠርኩት አይደለም።»

«ቅምቀማውስ ይሁን፤ ጥልፉስ?» አሉ ሐጂ ሽፋ። «እኔ መካ በነበርኩ ጊዜ ሁሉም ነጭ ለብሶ፣ ንጉሡ ከለማኙ ሳይለይ ነበር የቆምነው።»

«እዚህ ላይ እውነት አለዎት። ከሰው ተለይቼ መታየት አልሻም። ጥልፉን ወደ ውስጥ አጥፌ እለብሰዋለሁ፤ ሰው አያየውም። ግን እስኪ ይንገሩኝ፣ እርስዎ ያዩት የአላህ ቤት፣ ከዕባው ራሱ፣ የሚለብሰው የተጠለፈ ልብስ አይደለም?»

ሐጂ ሽፋ ስለ መካ ተጠይቀው ራሳቸውን ብቻ ነቅንቀው ሲያልፉ ያ የመጀመሪያቸው ነበር።

ሐጅ የሚወጣ ሰው ከመሄዱ በፊት ጎረቤቱን ሁሉ «አውፍ በሉኝ» እያለ ይቅርታ ይለምናል፤ ደንቡ ከትልቅ ሰው ይጀመራል። ሸህ ጦይብ ግን ከዚያዳ ጀመሩ። ከሰሌኑ ተነስተው ፊት ለፊቷ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ አውፍ በይኝ» አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «የሐጅን ደንብ ከየአገሩ ለመጣ ሰው ሁሉ አስተማርኩ። ከመስጊዱ በረንዳ እቤቴ ድረስ ይዤው መምጣት ግን አቃተኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የመርፌሽ አይደለም።»

ዚያዳን «አውፍ ብያለሁ» የምትለውን ቃል ሴቶቹ አባብለው ነው ያስወጧት።

በማግስቱ ሸሁ ከሲራራው ጋር ወደ ባሕሩ ወረዱ። ዚያዳ ግን አልተጽናናችም። ሊያስተዛዝኑኝ ብለው ነው እንጂ ሐጂ ሽፋ ያለ ምክንያት አይጮኹም፣ ብላ አሰበች። መርፌዋን ከጣሪያው ሣር ውስጥ ሰካችው። ያን ክረምት ሙሉ አልሰፋችም። ለጎረቤት ሕፃን ኮፍያ ብትጠየቅ እንኳ «እጄ አይሆንም» ብላ መለሰች። ሰግዳ ስትጨርስ የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሳቸው ሐጅ በእሷ ምክንያት እንዳይመለስባቸው።

ክረምቱ አልፎ ሲራራው ተመለሰ። ሸህ ጦይብ ከስተዋል፣ ጠቁረዋል፤ ፊታቸው ግን ያበራል። ሰዉ «ሐጀን መብሩር፣ የተወደደ ሐጅ ያድርግልዎ» እያለ ከበባቸው። ሐጂ ሽፋም ከፊት ተቀምጠዋል። ሸሁ ዚያዳን አስጠርተው ከጓዛቸው ውስጥ ኢሕራሙን አወጡ። አረንጓዴው ሐረግ አንድ ቦታ ላይ ተበልቷል፤ ክሩ ሳስቶ ሊበጠስ ደርሷል። ዚያዳ ይህን ስታይ «ሰው ጥልፉን አይቶባቸው ሲጎትተው ነው» አለች በልቧ።

«ከከዕባው ዘንድ ስደርስ» አሉ ሸሁ፣ «ሕዝቡ ብዙ ነው፤ ጉልበቴ ደክሟል። የቤቱን ልብስ ልይዝ እጄን ብዘረጋ አልደረስኩም፤ ሰው እየገፋ አራቀኝ። የምይዘው ሳጣ ይህችን ጫፍ ያዝኩ። ዐረፋም ላይ ይህችኑ ይዤ ነው የለመንኩት። ላንቺ፣ ለባልሽ፣ ለሐጂ ሽፋም። ሳላውቀው በጣቴ አሽቼ ጨረስኩት። በይ መርፌሽን አምጪና ጠግኚልኝ።»

ዚያዳ በርጩማ ላይ ወጥታ መርፌውን ከጣሪያው አወረደችው። ዝጎ ነበር። ሸሁ አዩት፤ ምን እንደሆነ ገባቸው። ሐጂ ሽፋም አዩት፤ ለእሳቸውም ገባቸው። ሐጂ ሽፋ እጃቸውን ዘርግተው መርፌውን ተቀበሏት። ከደጅ ጥቂት አሸዋ ዘግነው በጨርቅ ይዘው ዝገቱን ያሹ ጀመር። መርፌው ጠርቶ ሲመልሱላት «አውፍ በይኝ፣ ልጄ» አሉ።

ያኔ ሸህ ጦይብ እንዲህ አሉ፦ «ያልተሰፋ እንድንለብስ ታዘናል፤ የሰው ልብ እንድንቀድ ግን አልታዘዝንም።»

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሸሁ ለምራታቸው ብለው ሕጉን አላጎበጡም፤ የሚፈቀደውን ይፈቀዳል አሉ፣ ወደ ታይታ የሚያስጠጋውንም አጥፈው ደበቁት። እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። እኛ ከኪታብ አንድ ነገር ያወቅን እንደሆነ መጀመሪያ የምንፈልገው የምንወቅስበትን ሰው ነው። እሳቸው የፈለጉት ሳይነግሩት የቀሩትን ሰው ነው። ሲያገኙትም የገዛ ቤታቸው ውስጥ ነበር።

አላህ ይዘንላቸው። በእኛም ቤት፣ በአንደበታችን ምክንያት ጣሪያ ውስጥ የተሰካ የሰው መርፌ ካለ፣ ዝገት ሳይበላው ለማውረድ ይርዳን።